ከኋላ የተቀመጡትን እንዴት እናናግራቸው?

ውድ የጎልማሶች ትምህርት አስተማሪዎች፣ ይህን ንግግር በራዲዮ የምትሰሙትም ሆናችሁ ኋላ ታትሞ የምታነቡት፣ የዛሬው ርእሳችን አንድ ቀን ሁላችሁንም ያስጨነቀ ጉዳይ ይመስለኛል።

እስቲ አስቡት። ዕለቱ 21፣ የማርያም በዓል ነው። ሞፈርና ቀንበር የማይነሣበት ቀን በመሆኑ ተማሪዎቻችሁ ከወትሮው በርክተው መጥተዋል። (በዓል ባይኖር ኖሮ የገጠር ጎልማሳ መቼ ይማር ነበር እያልሁ አንዳንዴ እገረማለሁ።) ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ሰ» ጻፋችሁና ወደ ተማሪዎቹ ዞራችሁ፣ «ይህን ፊደል ማን ያነብልኛል?» አላችሁ። ከፊት የተቀመጡ ሦስት ሰዎች እጃቸውን አወጡ። ባለፈውም ያወጡት እነዚሁ ናቸው። ከኋላ ያሉት ግን አንዷ ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ አንዱ የከዘራውን ጫፍ ያያል፤ ሌላዋ ልጇን ታጠባለች። ጊዜው እየሄደ ነውና ከሦስቱ አንዱን ትጠራላችሁ፤ እሱም በትክክል ይመልሳል። «ጎበዝ! ገባችሁ?» ትላላችሁ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ፣ ገብቶናል!» ይላል። ትምህርቱም ይቀጥላል።

ለመሆኑ በዚያን ቀን ስንት ሰው አስተማራችሁ? እኔ እስከማውቀው ድረስ ሦስት ሰው ነው። እነዚያ ሦስቱም ቢሆኑ ቀድሞ ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። «ገባችሁ?» የሚለው ቃል ጥያቄ አይደለም። መልሱ ከመጠየቁ በፊት የታወቀ ነው። ማንም አስተዋይ ሰው በጎረቤቶቹ መካከል ተቀምጦ «አይ፣ እኔስ አልገባኝም» አይልም።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። እናቴ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተማሩት አንዷ ነበረች። ዘመቻው ኋላ ላይ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ የማንበብና መጻፍ ሽልማት ያገኘ ታላቅ ሥራ ነበር። ብዙ ሰው በዚያ ዳስ ውስጥ ዓይኑ ተገልጧል። የእናቴም ምስክር ወረቀት እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ አለ። ነገር ግን እኔ ሦስተኛ ክፍል ደርሼ ማንበብ እንደቻልሁ፣ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር የምትሰጠው ለእኔ ነበር። አንድ ቀን «እማዬ፣ ተምረሽ የለም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ከሰው ጋር ሲሆን እል ነበር፤ ብቻሽን በይ ያለኝ ግን የለም» አለችኝ። አስተማሪዋ ክፉ አልነበረም፤ ስለ እርሱ በፍቅር ነው የምታወራው። እሷም ሰነፍ አልነበረችም። በሕዝቡ ድምፅ መካከል የእሷ ድምፅ መኖሩንና አለመኖሩን ለይቶ የሚያውቅበት ዘዴ ብቻ ነው የጠፋው።

እንግዲህ «ብቻሽን በይ» ማለት መፍትሔ ይመስላል። እኔም እንዲያ መስሎኝ ነበር። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ሳለሁ፣ ተማሪ እንዳይደበቅ በስሙ ጠርተን እንድንጠይቅ ተምረናል፤ ከሕፃናት ጋርም ስሠራበት ቆይቻለሁ። የጎልማሶች ክፍል በተሰጠኝ በመጀመሪያው ዓመት ከኋላ ከሚቀመጡት አንዷን በስሟ ጠርቼ «ቁሚ» አልኋት። ሴትዮዋ ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ በገበያ ቅቤ የምትነግድ፣ ሒሳቧን በቃሏ የምትሠራ ሰው ናት። ቆመች። ሰሌዳው ላይ «ሰ» አለ። እሷ «በ» አለች። አንድ ጎረምሳ ሳቀ፤ ሳቁም ወደ ሌሎቹ ተዛመተ። ከፊቷ ሁለተኛው አግዳሚ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን ደፉ። የባሏ አባት መሆናቸውን ያወቅሁት ኋላ ነው። ማወቅ ነበረብኝ። ምራት በአማቷ ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በማትናገርበት አገር እኔ አቁሜ አሳስቼ አሳቅሁባት።

በሚቀጥለው ትምህርት አልመጣችም። ከዚያ በኋላም አልመጣችም። በሁለተኛው ሳምንት ቤቷ ሄድሁ። ቡና አፍልታ በደንብ አስተናገደችኝ፤ ስለ ትምህርቱ ግን ምንም አላነሣችም። ስወጣ እስከ አጥሩ በር ሸኘችኝና «ፊደሉ አልከበደኝም፤ መቆሙ ነው የከበደኝ» አለችኝ።

ውድ አስተማሪዎች፣ ይህን የመሰለ ነገር በእናንተም ላይ ደርሶ ከሆነ፣ የሰውየውን ዝምታ ድንቁርና ወይም ስንፍና ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ሕፃን ልጅ ቢሳሳት ምን ይቀርበታል? ሲስቁበት ውሎ ማታ ይረሳዋል። ጎልማሳው ግን በዕድሩ ዳኛ ነው፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ሆኖ የሚቀመጥ ነው፤ ልጆቹን «ተው፣ እንዲህ አይደለም» ብሎ የሚያርም ነው። በአንድ ፊደል የሚያጣው ክብር ቀላል አይደለም። ደግሞም ሲያድግ «ዝም አይነቅዝም»፣ «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ሲባል እየሰማ ነው ያደገው። ይህ ምክር በሸንጎም፣ በገበያም፣ ከባለሥልጣን ፊትም ብዙ ጊዜ አድኖታል። እኛ ደግሞ መጥተን በአንድ ቀን «አፍህን ክፈት» እንለዋለን።

ቋንቋችንም ራሱ አንድ ነገር ያመለክተናል። «ተጠያቂ» ስንል ጥያቄ የቀረበለት ሰው ማለታችን ነው፤ ጥፋት ያለበት፣ ኃላፊነት የሚወድቅበት ሰው ማለታችንም ነው። በሰው ፊት አቁማችሁ የምትጠይቁት ጎልማሳ ከሁለቱ የትኛውን የሆነ የሚመስለው ይመስላችኋል?

ታዲያ መጠየቅ ይቅር? አይቅርም። ካልጠየቅን የእናቴ ዓይነት ምስክር ወረቀት ነው የምንሰጠው። መለወጥ ያለበት የአጠያየቃችን መንገድ ነው። እኔ መንገዱን ያገኘሁት አቅጄ ሳይሆን በአጋጣሚ ነው።

አንድ ቀን አንድ አዛውንት ስለ አንድ ፊደል ጠይቄያቸው ጠፋባቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲህ ልጄ፣ አገር ልስጥሽ» አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። የዚህ ሳቅ ዓይነቱ ሌላ ነበር። እንቆቅልሽ ስንጫወት ያደግን ሁሉ ነገሩ ይገባናል። ጠያቂው «እንቆቅልህ?» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ?» ብሎ ይጀምራል። ይሞክራል። ካልቻለ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጥና መልሱ ይነገረዋል። አለማወቁ አያሳፍረውም፤ እንዲያውም አገር የሚሰጥ ጌታ ሆኖ ነው የሚወጣው! አያቶቻችን ማታ እሳት ዳር ሕፃናቱን እየጠየቁ ሲያስተምሩ፣ ላላወቀው ልጅ በክብር የሚወጣበት በር አዘጋጅተውለት ነበር። እኛ አስተማሪዎች ሰሌዳና ጠመኔ ስናገኝ ይህን በር ዘጋነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፍሌ ደንብ ሆነ። ያልመጣለት ሰው አገር ይሰጣል። አንዱ ጎንደርን ይሰጣል፤ አንዷ ጎጃምን ትሰጣለች፤ አንድ ነገረኛ ግን ሁልጊዜ የጎረቤቱን እርሻ ነው የሚሰጠኝ። ይሁን እንጂ አንድ ግዴታ አለ፤ ይህ ከሌለ ጨዋታው ማምለጫ ብቻ ይሆናል። ትምህርቱ ከማለቁ በፊት አገር ወደ ሰጠው ሰው እመለሳለሁ፤ ያንኑ ፊደል አሳየዋለሁ። በመካከሉ መልሱን ሦስት አራት ጊዜ ሰምቷልና አብዛኛውን ጊዜ ያውቀዋል። ሲመልስም «በሉ፣ ጎንደርዎን ወስደዋል» እለዋለሁ። አዛውንቱ አሁን ሳልደርስባቸው በፊት «ጎንደሬን አምጪ!» ብለው ራሳቸው ይጠይቁኛል።

ሌላው የተጠቀምሁበት ዘዴ ድምፅ የማይጠይቅ ነው። ፊደላችን እንደምታውቁት ሰባት ቤት አለው፦ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ። ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ቢባዙ 231 ይሆናሉ። ይህን ሁሉ በቃል የሚያዜም ተማሪ ሞልቷል፤ ከመካከል ነጥላችሁ ብታሳዩት ግን የትኛው እንደሆነ አያውቀውም፤ ከ«ሀ» ጀምሮ እየቆጠረ ነው የሚደርስበት። ስለዚህ ሁሉም ዓይኑን እንዲጨፍንና እጁን ደረቱ ላይ እንዲያደርግ እጠይቃለሁ። «ሉ» እላለሁ፤ ሁለት ጣት ይወጣል። «ሎ» እላለሁ፤ አንድ እጅ ሙሉና ሁለት ጣት ይወጣል። «ሌ» እላለሁ። እዚህ ላይ አራትም አምስትም ስድስትም ይታያል። እንግዲህ ማን እንደሳተ ከእኔ በቀር ያየ የለም። ያን ጊዜ «የገባው ማን ነው?» ብዬ መጠየቅ አያስፈልገኝም፤ አይቼዋለሁ። ስም ሳልጠራ «ሌን እንደገና እንየው» ብዬ እመለሳለሁ። ክፍላችሁ ሃምሳ ሰው ቢሆንም ሃምሳውንም በግማሽ ደቂቃ ጠየቃችሁ ማለት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ያደረግሁ ዕለት ደነገጥሁ። ከፊት ከሚቀመጡትና ሁልጊዜ እጅ ከሚያወጡት ከሦስቱ አንዱ በተደጋጋሚ ይሳሳት ነበር፤ ከኋላ ካሉትና ቃል ተናግረው ከማያውቁት ሴቶች ሁለቱ ግን አንድም አልሳቱ። ሁለት ወር ሙሉ ጎበዙንና ደካማውን አገላብጬ ነበር የያዝሁት።

ስለ መታገሥም ጥቂት ልበል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ አስተማሪዎች ጥያቄ ካቀረቡ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሡ መልሱ እንደሚረዝም፣ ዝምተኞቹም መናገር እንደሚጀምሩ አስተውለዋል። 3 ሰከንድ በንግግር ቀላል ነው። ሰሌዳ ፊት ለቆመ አስተማሪ ግን ዘለዓለም ነው! እኔ በልቤ እስከ አምስት እቆጥራለሁ፤ ካልሆነልኝም ሆን ብዬ ጠመኔ ፍለጋ ወደ ጠረጴዛው እሄዳለሁ። ደግሞ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ መጀመሪያ ጥያቄው፣ ቀጥሎ ዝምታው፣ ስሙ በመጨረሻ ነው። ስሙን አስቀድማችሁ ከጠራችሁ የተጠራው ይደነግጣል፤ ያልተጠሩት ደግሞ «ተረፍሁ» ብለው ማሰብ ያቆማሉ።

ስትጠሩም እንዴት እንደምትጠሩ ተጠንቀቁ። ጠዋት ሕፃናትን «አንተ! አንቺ!» ሲል የዋለ ምላስ ከሰዓት በኋላ በቀላሉ አይታረምም። የተማሪው ዕድሜ ከእናንተ ቢያንስ እንኳ በዚያ ክፍል «እርስዎ» ነው። «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ «እማማ»፣ «አባባ»፣ ወይም «የእገሌ እናት» እየተባለ እንጂ ስም ብቻውን አይጠራም። ማንም እንዲቆም አልጠይቅም። ተቀምጦ የተመለሰ መልስ ምን ይጎድለዋል?

በቄስ ትምህርት ቤት ነባሩ ተማሪ አዲሱን ሲያስቀጽል ያያችሁ አላችሁ። አንዱ ለአንዱ በጆሮው ያህል ያነብለታል፤ የኔታ የሚመጡት ኋላ ነው። እኛም ጥያቄ ካቀረብን በኋላ «እስቲ ከጎናችሁ ላለው ሰው ንገሩት» ብንል ክፍሉ እንደ ንብ ቀፎ ይተማል። ከዚያ ዝም ያለችውን ሴት «እርስዎ ምን ይላሉ?» አትበሏት። «ጎረቤትዎ ምን አሉ?» በሏት። የሰው ቃል ማድረስ አያሳፍርም፤ ስህተት ቢገኝበትም የእሷ አይደለም። ሦስት አራት ጊዜ የጎረቤቷን ቃል ያደረሰች ሴት አንድ ቀን «እሷ እንዲህ አለች፤ እኔ ግን...» ማለቷ አይቀርም። ያን «እኔ ግን» ስሰማ ቤቴ እየዘፈንሁ ነው የምገባው። አቀማመጡን ግን አስቀድማችሁ አጥኑ፤ ምራትን ከአማቷ አጠገብ አድርጋችሁ «ተነጋገሩ» ብትሉ ሁለቱንም ታጣላችሁ።

ስህተት ሲመጣስ? ስለ «ሰ» እና ስለ «በ» ያኔ ማለት የነበረብኝን አሁን እላለሁ። ሁለቱም ሁለት እግር አላቸው። ስለዚህ «በ» ያለችው ሴት እግሮቹን በትክክል አይታለች፤ ልዩነቱ ጣራው ላይ ነው። «በ» ጠፍጣፋ ጣራ አለው፤ «ሰ» እንደ ጎጆ ክዳን ጫፉ ሾል ይላል። ይህን ያህል ነበር ነገሩ! ስህተቷን ሰሌዳው ላይ ከትክክለኛው ጎን ጽፌው ቢሆን ለክፍሉ ሁሉ ትምህርት ይሆን ነበር።

ጭብጨባንም በተመለከተ ከብዙ ባልደረቦቼ ጋር አንስማማም። «አጨብጭቡላቸው!» የሚለው ልማድ ከሕፃናት ክፍል የመጣ ነው። ዓይን ሁሉ እንዳያያት ስትፈራ ለኖረች ሴት፣ ሃምሳ ሰው ዞሮ ቢያጨበጭብላት ሽልማት ነው ወይስ ቅጣት? እኔ መልሷን ሰሌዳው ላይ እጽፈዋለሁ፤ ይበቃታል።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። እስካሁን የጠቀስኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ አስተማሪው መልሳቸውን የሚያውቃቸው ናቸው። ሰው ግን የምታውቀውን ነገር ስትጠይቀው ይገባዋል፤ «ልትፈትነኝ ነው» ይላል። አንድ ቀን የእርሻ ዕቃዎችን ስም ልንጽፍ ተነሣን፦ ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍ፣ ድግር፣ ወገል፣ ምራን። እኔ ከተማ ነው ያደግሁት፤ ምራን የትኛው እንደሆነ በእውነት አላውቅም ነበርና «ምራን ማለት ምኑ ነው?» አልሁ። ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው የሚቀመጡ፣ ከመጡ ጀምሮ ድምፃቸውን ያልሰማሁት አንድ ገበሬ ቀና አሉ። «ጠፍሩ ነዋ!» አሉ። ከምን ቆዳ እንደሚወጣ፣ እንዴት እንደሚለፋ፣ መሐል እርሻ ላይ ቢበጠስ ምን እንደሚደረግ አሥር ደቂቃ ያህል አስረዱኝ። እኔም እየሰማሁ ሰሌዳው ላይ «ምራን» ብዬ ጻፍሁ። ሲጨርሱ አዩት። ቆይተው «አሁን ይሄ ነው ምራን?» አሉ። «እሱ ነው» አልኋቸው። «ሦስት ብቻ?» አሉ። «ሦስት ፊደል ብቻ» አልሁ። በጣታቸው አየር ላይ ሦስቱን እየከተሉ ም፣ ራ፣ ን አሉ። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚባለው ለተማሪ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አስተማሪም ካልጠየቀ ብዙ ይቀርበታል።

እርግጥ ነው፣ ይህ ሁሉ ተደርጎም ዝም የሚል ሰው አይጠፋም። በክፍሌ ዓመቱን በሙሉ ጣት እንጂ ቃል ያላወጡ አንዲት እናት ነበሩ። ደብተራቸውን ስታዩት ግን ጽሕፈታቸው ከእኔ ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ሰው ተዉት፤ ደብተሩን እያያችሁ አስተምሩት። የምንፈልገው መማሩን ማወቅ እንጂ ድምፁን መስማት አይደለም።

ስለዚያች ቅቤ ነጋዴ ብዙ ጊዜ ጠይቀውኛልና ልንገራችሁ። ወደ ክፍሉ አልተመለሰችም። ሴት ልጇ ግን በጠዋቱ ክፍል ሁለተኛ ክፍል እኔው ዘንድ ትማራለች። አንድ ቀን የልጅቷን የቤት ሥራ ሳርም በደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ የልጅ ያልሆነ ጽሕፈት አየሁ። አንድ መስመር ሙሉ «ሰ» ነው፤ ሁሉም ጣራቸው ሾል ያለ። ምንም አላልሁም። በእርሳስ አረምሁና ከሥሩ ሌላ ፊደል ጽፌ ላክሁ። ከዚያ ወዲህ ደብተሩ ይመላለሳል። እኔ ከገጹ ራስ ጥያቄ እጽፋለሁ፤ መልሱ በልጅቷ ቦርሳ ይመጣል። እስካሁን ከጻፈችው ሁሉ ረጅሙ ባለፈው ሳምንት የመጣው ነው። «ቅዳሜ ገበያ ነኝ እሑድ ግን ማን ማን ይመጣል» ይላል። እኔም የሚመጡትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ጽፌ ላክሁላት። የአማቷንም ስም አልተውሁም፤ የሚቀመጡት አሁን ከፊት፣ በበሩ በኩል መሆኑንም ጨምሬ ጻፍሁ። መልሷን ገና እየጠበቅሁ ነው።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃኝ። በሚቀጥለው ንግግር ቁጥርንና የገበያ ሒሳብን ስለ ማስተማር እንነጋገራለን። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።